ሪሞቱን ለአባባ ስጪያቸው

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ካለ ሰፈር ነው። ቤታችን ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስድስት ዓመት ልጃችን፣ የሰባት ወር ሕፃንና የባለቤቴ አባት አለን። አባባ ጆሯቸው ደከም ብሏል። ከኢሻ ሶላት መልስ የሁለት ሰዓቱን ዜና ሳያዩ አይተኙም፤ እንዲሰማቸውም ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ። ዜናውስ ይሁን፤ ማስታወቂያ ሲገባ ግን ቤቱ ይናጋል፣ ሕፃኑም ብንን ብሎ ያለቅሳል። አንድ ቀን ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ብዘጋው ‹ዜናዬን ከለከልሽኝ› ብለው ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ጣቢያ ይቀያይራል፤ ሲመልሰው ዜናውም ድራማውም አልፏል፤ እሱ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ትልቋ ልጄ የማስታወቂያውን ዘፈን በቃሏ ይዛ በሱቅ ባለፍን ቁጥር ብስኩት ግዢልኝ ትላለች። ጎረቤቴ ማስታወቂያ የሚቆርጥ ዕቃ አለ ብላኛለች፤ እውነት ነው? ከሌለስ ቴሌቪዥኑን ሸጠን ብንገላገል ይሻል ይሆን?»

ወአለይኩም ሰላም እኅት ዓለም፤ እኔ ደህና ነኝ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ቴሌቪዥኑን አትሽጪው። ድምፁ ለአፍታ ስለተዘጋባቸው ሁለት ቀን ያኮረፉ አባት፣ ቴሌቪዥኑ የተሸጠባቸው ቀን ምን እንደሚሉ ባትሰሚው ይሻልሻል።

የጎረቤትሽን ዕቃም አትግዢው። በዲሽ ወደ ቤትሽ የሚወርደው ሥርጭት ዜናውና ማስታወቂያው ተለያይተው የሚመጡበት አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚደርስሽ። ሪሲቨሩ «ይሄ ዜና፣ ያ የሳሙና ማስታወቂያ» ብሎ የሚለይበት ዘዴ የለውም። አሜሪካኖች ሪፕሌይ ቲቪ የሚባል መቅጃ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዓይነት ማስታወቂያውን በራሱ እየዘለለ ያሳይ ነበር። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ተሰባስበው ከሰሱት፤ አምራቹም በ2003 ከሰረ። እሱም ቢሆን የሚዘልለው አስቀድሞ ከቀረጸው ላይ ነበር። በቀጥታ እየተላለፈ ያለውን ሥርጭት ማን ዘልሎት! አንድ ነጋዴ ፒያሳ ላይ «ይሄን ሪሲቨሩ ላይ ብትሰኪው ማስታወቂያ አይመጣብሽም» ካለሽ፣ አመስግነሽው ብርሽን ይዘሽ ተመለሽ።

አሁን ቤቱን ወደሚንጠው ነገር እንምጣ። አንቺ «ማስታወቂያ ሲገባ ድምፁ ይጨምራል» ስትዪ፣ ባለቤትሽ «ቁጥሩ እኮ ያው ነው፣ ማን ነካው?» ብሎሽ እንደሚሆን እገምታለሁ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ማንም አልነካውም፤ የተለየው የድምፁ አሠራር ነው። ዜና አንባቢ ሲናገር ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ትንፋሽ ይወስዳል፤ በሁለት ዜና መሀል ዝም ይላል። ማስታወቂያ የሚሠራው ባለሙያ ግን ስቱዲዮ ውስጥ ዝቅ ያለውን ድምፅ ሁሉ ወደ ላይ አንሥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ያደርገዋል። ክፍተት አይተውም፤ ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ፣ ከሙዚቃው በላይ እልልታ። ጤፍ በቁና ሲሰፈር አስቢው። ቁናው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ዝም ብሎ የተሞላውና እየተነቀነቀ የተጠቀጠቀው ሚዛን ላይ ሲወጡ እኩል አይሆኑም። ጣቢያው የሚጠብቀው የድምፁን ከፍተኛ ጫፍ ብቻ ከሆነ፣ ዜናውም ማስታወቂያውም ከቁናው አፍ አላለፉም፤ የሚነሣ ቅሬታም የለም። ጆሮ የሚያስተውለው ግን ጫፉን ሳይሆን በአማካይ የገባለትን ነው።

ይህ ምሬት የደሴ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ተመልካቹ ስንት ዘመን ሲያማርር ከኖረ በኋላ፣ የማስታወቂያ አማካይ ድምፅ አብሮት ከሚተላለፈው ፕሮግራም እንዳይበልጥ የሚያዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2012 መጨረሻ ነው። በዚያው በ2010 የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረትም ድምፅ በጫፉ ሳይሆን በአማካዩ ይለካ የሚል መመዘኛ አወጣ። ይህን የምነግርሽ፣ «ምነው እኔ ብቻ ነኝ ጩኸት የማልችል?» ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ ነው።

አንቺ ግን አዋጅ የምትጠብቂበት ምክንያት የለም። የሪሲቨሩን ሪሞት አስቀምጪና የቴሌቪዥኑን አንሺ። ሜኑ፣ ከዚያ «ሳውንድ» የሚለውን ክፈቺ። እዚያ ውስጥ «አውቶ ቮልዩም» የሚል ታገኛለሽ፤ ዋጋቸው ዝቅ ባሉት ቴሌቪዥኖች ላይ አንዳንዴ «ኤቪኤል» ተብሎ ይጻፋል። እሱን «ኦን» አድርጊው። ሥራው ድንገት የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚያንሾካሽከውን ከፍ ማድረግ ነው። ማስታወቂያውን አፉን አያስይዘውም፤ ሕፃኑን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ያን የመጀመሪያ ድንጋጤ ግን ያበርደዋል። መንዙማ ወይም ዘፈን በምትሰሙበት ሰዓት መልሰሽ አጥፊው፤ ድምፁን አንዴ ሲያሳብጥ አንዴ ሲያኮማትር ለዛውን ያበላሸዋል።

ደብዳቤሽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፍሽው ደግሞ የአባባን ጆሮ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ መፍትሔ ያለው እዚያ ነው። ማስታወቂያው ይህን ያህል የሚጮኸው መጀመሪያውኑ ለዜናው ተብሎ ድምፁ ስለተከፈተ አይደል? ዕድሜ ጆሮን ሲያደክም አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ «ሰ»ን፣ «ፈ»ን፣ «ሸ»ን፣ «ተ»ን። ወፍራሙ ግን ይቀራል። ስለዚህ አባባ ሰው እየተናገረ መሆኑ ይሰማቸዋል፤ ምን እንዳለ ግን አይለዩትም። ይህን ለማካካስ ድምፅ ይጨምራሉ፤ ወፍራሙም አብሮ ይጨምራል፤ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉ አሁንም አልጠራላቸውም። ሞክሪውና እዪ፤ እዚያው «ሳውንድ» ውስጥ «ቤዝ» የሚለውን ዝቅ፣ «ትሬብል» የሚለውን ከፍ አድርጊው። «ክሊር ቮይስ» የሚል ምርጫ ካለው እሱንም ክፈቺ። ከዚያ ድምፁን ትንሽ ቀንሰሽ «አሁን ይሰማዎታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ባነሰ ድምፅ የበለጠ ሲሰሙ እሳቸውም ይገረማሉ።

መቀመጫቸውንም ተመልከቺ። ብዙ ቤት ለአባት የሚሰጠው የክብር ቦታ ከሳሎኑ ዳር፣ ከቴሌቪዥኑ የራቀው ሶፋ ነው። ክብሩ ሳይነካ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብ ማድረግ ይቻላል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጆሮ ጋ የሚደርሰው ድምፅ በግልጽ ይጨምራል። ያ ካልሆነ ትንሽ ስፒከር ገዝተሽ በቴሌቪዥኑ የማዳመጫ ቀዳዳ በኬብል ሰክተሽ ከጎናቸው አስቀምጪላቸው። ብዙ ቴሌቪዥኖች እዚያ ቀዳዳ ላይ አንድ ነገር ሲሰካ የራሳቸውን ድምፅ ይዘጋሉ፤ ለአንቺ ቤት ይህ ጥቅም ነው፤ ድምፁ የሚወጣው ከእሳቸው ጆሮ ሥር ብቻ ይሆናል፣ ዝቅ ቢልም ይበቃቸዋል፤ የቀረው ቤተሰብም ሳሎን ውስጥ እስካለ ድረስ ይሰማዋል።

ጤና ጣቢያም ይዛችኋቸው ሂዱ። አንዳንዴ «ጆሮዬ ደከመ» የሚባለው ኩክ ደርቆ ሞልቶት ነው፤ ባለሙያ ሲያጥበው ይከፈታል። ቤት ውስጥ በእንጨት መጎርጎር ግን ይቅር፤ ወደ ውስጥ መግፋት ነው የሚሆነው፣ ታምቡሩንም ሊጎዳው ይችላል።

ወደ ሪሞቱ ልምጣ። ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ጣቢያ መቀየርና ድምፅ መዝጋት አንድ አይደሉም። ጣቢያ ሲቀይር ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ሥዕሉ ከሄደ ደግሞ ፕሮግራሙ መቼ እንደተመለሰ ማን ይነግረዋል? የሄደበትም ጣቢያ በዚያው ሰዓት ማስታወቂያ ላይ ነው፤ ወይም ደግሞ አንድ የኳስ ድጋሚ ይይዘውና የአባቱ ዜና ያመልጣል። ድምፁን ብቻ ሲዘጋ ግን ሥዕሉ እዚያው ነው። የዜና አንባቢው ፊት ብቅ ሲል መልሶ መክፈት ነው፤ ማንም ምንም አልተቀማም። ባለቤትሽ መቀየሩን የግድ ካልተወ፣ አብዛኛው ሪሲቨር ሪሞት ላይ «ሪኮል» የምትል ቁልፍ አለች፤ ቀድሞ ወደነበረበት ጣቢያ በአንድ ጊዜ ትመልሰዋለች። ቁጥር ሲቆጥር ከማምሸት ትገላግለዋለች።

አባባ ወሬ የሚወዱ ከሆነ ይህችን አጫውቻቸው፤ ሪሞት ራሱ የተወለደው ከማስታወቂያ ጥላቻ ነው። ቺካጎ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያመርተው የዜኒት ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ዩጂን ማክዶናልድ ማስታወቂያ ያንገሸግሸው ነበር፤ ተመልካችም ይህን ችሎ አይቀመጥም ባይ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1950 የመጀመሪያውን ሪሞት ሲያወጣ በረጅም ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ሰው ሳሎን ውስጥ ሲያልፍ ይጠልፈው ነበር ይባላል። በ1955 ዩጂን ፖሊ የሚባል ባለሙያቸው ሽጉጥ የመሰለ የእጅ ባትሪ ሠራ፤ መብራቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አራት ማዕዘኖች ሲያነጣጥሩበት አንደኛው ማዕዘን ድምፁን ይዘጋል። ኩባንያውም ዕቃውን ሲያስተዋውቅ «ረጅሙንና አሰልቺውን ማስታወቂያ ዝም ያሰኙበት» እያለ ነበር፤ ማስታወቂያን በማስታወቂያ! ችግሩ የፀሐይ ብርሃን በመስኮት ሲገባ ቴሌቪዥኑ በራሱ ጊዜ ጣቢያ መቀያየሩ ነበር። በ1956 ሮበርት አድለር ባትሪ የማይፈልግ ሌላ ዓይነት አመጣ፤ ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፤ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ያንን ድምፅ ቴሌቪዥኑ ይሰማዋል። አገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1964 መሆኑ ነው። ማስታወቂያን ዝም የማሰኘት ጥበብ እንግዲህ ከኛ ቴሌቪዥን በዕድሜ ይበልጣል።

የአንቺ ቤት ሪሞት ግን ሁለት ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይመጣል። አንዱ በሪሲቨሩ ድምፁን ይዘጋል፣ ሌላው ሊከፍት የቴሌቪዥኑን ይጫናል፤ ድምፅ የለም፤ «ተበላሸ!» ይባላል፤ የዲሽ ሠራተኛ ሊጠራ ይደረሳል። ድምፅ ለመዝጋት፣ ማለትም ለ«ሚውት»፣ የሚያገለግለው የቴሌቪዥኑ ሪሞት ብቻ ይሁን። የሪሲቨሩን ሚውት በፕላስተር ሸፍኚው። በቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ያለችውን ደግሞ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀቢያት፤ አባባ መነጽር ሳይፈልጉ ያገኟታል። ቁልፏ አልሠራም ካለች የስልክሽን ካሜራ ክፈቺና የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አድርገሽ ተጫኛት። በዓይን የማይታየው ብርሃን በብዙ ስልኮች ላይ ብልጭ ሲል ይታያል፤ የኋላው ካሜራ ካላሳየሽ በፊተኛው ሞክሪ። ምንም ብልጭታ ከሌለ ባትሪ ቀይሪ። ሌሎቹ ቁልፎች እያበሩ እሷ ብቻ እምቢ ካለች ከሥር ያለው ጎማ ቆሽሾ ነው፤ ሪሞት የሚጠግን ሰው ከፍቶ ያጸዳዋል።

ድራማን በተመለከተ ከሚውትም የሚሻል መንገድ አለ፤ ዘግይቶ መጀመር። አብዛኛው የዛሬ ጊዜ ሪሲቨር ፍላሽ ይቀበላል፤ «ሬክ» የምትለዋን ስትጫኚ ይቀርጻል፤ «ፖዝ» ስትዪው ደግሞ ያቆምና ሥርጭቱን ፍላሹ ላይ እያጠራቀመ ይጠብቅሻል። ድራማው ሲጀምር «ፖዝ» በይው፣ እራቱን አቅርቢ፣ ልጆቹን አስተኚ፣ አቦሉን ጀባ በይ፤ ከሩብ ሰዓት ወይም ከሃያ ደቂቃ በኋላ ክፈቺው። ማስታወቂያ ሲመጣ ወደ ፊት ማሮጥ ነው፤ ሥርጭቱ ላይ እስክትደርሺበት ድረስ ይሠራል። ፍላሹን ሪሲቨሩ ላይ እንጂ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳትሰኪው፤ ቴሌቪዥኑ በሪሲቨር በኩል የሚመጣለትን አይቀርጽም። ተራ ጥራት ያለው የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ወደ አንድ ጊጋባይት ተኩል ይወስዳል፤ ስለዚህ 16 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው። መብራት ከጠፋ ቅጂው ይቆረጣል፤ ለእሱ እኔም መድኃኒት የለኝም። ዜናን ግን አትቅረጹ። አባባ «የሁለት ሰዓቱን ዜና በሁለት ተኩል» ቢባሉ አይዋጥላቸውም፤ እውነታቸውንም ነው።

ከዩቲዩብ ማየትም አለ፤ ግን እዚያም የራሱ ማስታወቂያ አለው። አንዳንዱን ከአምስት ሰከንድ በኋላ ማለፍ ይቻላል፤ አንዳንዱ አያሳልፍም። የፓኬጁን ሒሳብ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለ ትልቋ ልጅሽ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ከጩኸቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሷ ናት። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳለው፣ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ እነሱን ለማሳመን የተሠራ መሆኑን አይረዱም፤ የሚባለውን እንዳለ እውነት ብለው ይቀበሉታል። ልጅሽ ብስኩቱን ስትጠይቅሽ ስግብግብ ሆና አይደለም፤ «ከሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው» ሲባል ሰማች፣ አመነች። በዚሁ ምክንያት ስዊድን ለልጆች ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ትከለክላለች፤ የካናዳዋ ኩቤክም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚደረግ ማስታወቂያን እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከልክላለች። አንቺ ቤት ግን ሱቅ በር ላይ «አይገዛም!» ብሎ መቆጣት ዘፈኑን ከጭንቅላቷ አያወጣውም። ማስታወቂያው ሲጀምር «እስቲ ይሄ ሰውዬ ምን ሊሸጥልን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። መጀመሪያ አይገባትም፤ እየቆየ ግን ጨዋታው ይጥማታል፣ ከአንቺም ቀድማ ትናገራለች። ዘፈኑ ራሱ ድምፁ ሲዘጋ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፤ ልጅ የምትይዘው ዜማውን ነውና። የልጆች ፕሮግራም ደግሞ አስቀድመሽ ቀርጸሽ ብታሳያት ይሻላል፤ አንዱን ቅጂ አሥር ጊዜ ብታይ ልጅ አይሰለቻትም። ሪሲቨሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያሻሽጡ የሚውሉ ጣቢያዎች ካሉም ሜኑ ገብተሽ ከዝርዝሩ ሰርዣቸው፤ ሪሞቱን የያዘ ልጅ እነሱ ላይ እየወደቀ ነው የሚያስቸግረው።

ሚውት የማይደርስባቸው ማስታወቂያዎችም አሉ፤ እነሱን ለማጥፋት አትድከሚ። አቅራቢው ራሱ ወሬውን አቋርጦ የስፖንሰሮቹን ስም ሲዘረዝር፣ ድራማው እየታየ ሥዕሉ ጠበብ ብሎ በጎንና በሥር የባንክ ወይም የቀለም ማስታወቂያ ሲመጣ፣ የድራማው ሰው ሆን ብሎ የለስላሳውን ጠርሙስ ስሙ እንዲታይ አዙሮ ሲያስቀምጥ፣ ድምፅ ብትዘጊ ፕሮግራሙን ነው የምታጪው። ለዲሹ አንድ ጊዜ ከከፈልሽ በኋላ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን የምታዪው ያለ ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ የድራማው ተዋናይም የካሜራ ባለሙያውም ደመወዝ የሚያገኙት ከነዚሁ ስፖንሰሮች ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ያህሉን እችላለሁ። የማልችለው የበዓል ፕሮግራምን ነው፤ ዒድም ይሁን ፋሲካ፣ እንግዳው አንድ ቀልድ ተናግሮ ሳይጨርስ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳሉ። የበዓል ቀን ቴሌቪዥኑ ቢዘጋና እንግዳ ቢጫወት የተሻለ ነው፤ ወሎ ቤት ወግ ጎድሎ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ቀሎልናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ከዚያ በፊት በዓል በመጣ ቁጥር ቢራው ሳሎናችን ውስጥ እንዴት ይፈስ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ አባት ከሶላት፣ እናት ከጸሎት ተመልሰው በተቀመጡበት ቤት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለአባባ ማን ይንገራቸው? አንቺ አይደለሽም። ምራት ሪሞት ስታነሳ ያስከፋው ድምፁ መዘጋቱ ሳይሆን፣ በእሳቸው ዜና ላይ ሌላ ሰው መወሰኑ ይመስለኛል። ዕድሜ ልኩን በቤቱ ሲያዝ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሪሞቱ የእሳቸው ይሁን። ባለቤትሽ ምሳ ላይ ወይም ቡና ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ባለበት ሰዓት፣ እንዲህ ይበላቸው፦ «አባባ፣ ሕፃኑ በማስታወቂያ ጩኸት እየባነነ ተቸግረናል። ይቺን ቀይ የተቀባችዋን ቁልፍ እርስዎ ይያዙልን። ማስታወቂያ ሲመጣ ይጫኗት፣ ዜናው ሲመለስ ደግመው ይጫኗት። ሌላ ሰው አይነካትም።» ለልጅ ልጃቸው እንቅልፍ ሲባል የተጠየቁትን እምቢ አይሉም።

ልጅቷን ደግሞ አጠገባቸው አስቀምጫት። የእሷ ሥራ ማስታወቂያ መሆኑን ለይታ «አባባ፣ መጣ!» ማለት ነው፤ የእሳቸው መዝጋት። ጆሯቸው ባይሰማ የእሷ ዓይን ያያል። የሚሸጠውንና የሚነገረውን መለየትም በዚያው ትማራለች። መጀመሪያ አካባቢ ይረሱታል፣ ወይም ዘግተውት ዜናው ተመልሶ ያለ ድምፅ ይቀጥላል። ያን ጊዜ እጅሽ እየበላሽም ቢሆን አንቺ አትንኪው፤ ልጅቷ ታስታውሳቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላም «እኔ ቁልፍ መጫን አልችልም» ካሉ፣ ያቺን ትንሽ ስፒከር ግዢና ከጎናቸው አስቀምጪላቸው፤ ሕፃኑን ደግሞ በሩ ተዘግቶ ማዶ ባለው ክፍል አስተኚው።